ቢጣራማ

ከካዛንቺስ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ አንድ አዲስ ተመራቂ መኮንን አጠገቡ ከተቀመጡ አንዲት እናት ጋር ያወራል።

«የሬዲዮ መገናኛ ክፍል ልትመራ ነው በለኛ?»

«አዎ እማማ። የመጨረሻውን ፈተና አለፍኩ።»

«ምን ጠየቁህ ልጄ?»

«ማለቴ፣ ልምምድ ነው። ሬዲዮ ላይ ድምፅ እንዳናሰማ ታዘናል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ቆስያለሁ፣ ድረሱልኝ› እያለ ይጣራል።»

«መለስክለታ?»

«ከመለስኩማ ጠላት ያለንበትን ያውቃል፤ ሁላችንም እናልቃለን። ዝም አልኩ።»

«እየሰማኸው?»

«በቃ፣ ሥራው እንደዛ ነው እማማ።»

ሴትየዋ ወደሱ ዞሩ።

«የኔም ልጅ ሬዲዮ እንደያዘ ነው ግንባር የወደቀው። ጓደኞቹ ለቅሶ መጥተው ‹አልተጣራም፤ ቢጣራማ እንደርስለት ነበር› አሉኝ።»

ስታዲየም መውረድ የነበረብኝ እኔ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ ሜክሲኮ ደረስኩ።