ሐኪም ፊት የተነበበው ዳዊት

ከሞላሌ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት አስተማሪና አንድ ሽማግሌ ቄስ ያወራሉ።

«እኔ በሌዘር ነው የታከምኩት፣ አባ። ጠብታ ጠብ አድርገው ዓይኑን ያደነዝዙታል፤ ጨረሩ አፍታም አይቆይ። ይኸው መነጽሬን ጣልኩ።»

«ለእኔስ ይሆናል?»

«የእርስዎ ሞራ ይመስለኛል። እሱን አውጥተው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተኩበታል። ሐኪም አላየዎትም?»

«ዓምና አይቶኛል። የሚያነቡት ይዘዋል ወይ ሲለኝ፣ ዳዊቴን ከማኅደሩ አወጣሁ። አንዲት ቃል ሳልስት አነበብኩለት። ደህና ያያሉ ብሎ ሰደደኝ።»

«ፊደሉ ይታይዎት ነበር?»

«የምን መታየት! ዳዊት በቃሌ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም?»

«ያንብቡ አለኝ እንጂ፣ ይታይዎታል ወይ መች አለኝ? ዳዊት ተከፍቶ ዝም አይባል።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ ዳዊቱን ቤት ትቼዋለሁ። ሞራውን ገፍፈው ይሰዱኛል፣ አልጠራጠርም።»

«ዳዊቱን በቃልዎ ከያዙት ግን፣ ሌንሱ ምን ሊያደርግልዎ?»

«የልጅ ልጅ ተወልዳልኛለች። የእሷን መልክ በቃሌ አላውቀውም።»

ከሞላሌ ከተነሣን ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብዬ የቄሱን ፊት አየሁ።