ዘመድ የማታውቅ ሳጥን

በዚህ መራር ቀን ከጎናችን የቆማችሁ ወዳጅ ዘመዶች ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ጸጋዬ ሣህሌ የእህቴን የመምህርት ዮዲትን የሕይወት ጉዞ አነብላችኋለሁ።

መምህርት ዮዲት ከአባታቸው ከአቶ ሣህሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበዛሽ በ1968 ዓ.ም. በጂንካ ተወለዱ። ተማሪ ሳሉ፣ በ1984 ዓ.ም. የገበያ ሱቆች በዕጣ ሲታደሉ አባታችን ሳይደርሳቸው ቀረ፤ የዕጣ ወረቀቶቹ ምልክት ነበረባቸው ተብሎም በከተማው ተወራ። እውነት ይሁን ሐሰት የሚያረጋግጥ ጠፍቶ፣ አባታችን ጥርጣሬውን በሆዳቸው እንደያዙ አረፉ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በድሮው የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ተቀምጠን እህቴ የሚያነሱት ወሬ ይኸው ብቻ ነበር፤ ያልደረሰው ሰው አምኖ ወደ ቤቱ የሚገባበት ዕጣ እንዴት ይገኛል የሚል።

በፊዚክስ ተመርቀው እዚሁ ሲያስተምሩ ከጨርቅ ነጋዴው ከአቶ ተሰማ ጋር ትዳር መሥርተው ሰምሃልንና የአብሥራን አፈሩ። ኋላም አዲስ አበባ ሄደው ስለ ኳንተም፣ ማለትም ስለ ጥቃቅን ቅንጣቶች ጠባይ፣ ተምረው ዕጣ የምታወጣ ትንሽ ሳጥን ሠርተው ተመለሱ። በውስጧ አንዲት የብርሃን ቅንጣት ግማሹን ብርሃን በሚያሳልፍ መስታወት ላይ ስታርፍ፣ ትለፍ ወይም ትመለስ ሳጥኗን የሠራው ሰው እንኳ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም፤ ቁጥሩም ከዚያ ይወጣል። ይሁንና በቃላቸው ብቻ መታመንን ስላልወደዱ ሳጥኗን በአደባባይ ከፍተው ያሳዩ፣ ቁልፉንም ከሁሉ ይልቅ የሚጠራጠረውን ሰው ያስጫኑ ነበር። በአቅራቢያችን ያለው የአልዱባ ገበያ ነጋዴዎችማ ተጠራጣሪ ለመባል ይሽቀዳደሙ ነበር!

በ2014 ዓ.ም. አዲሶቹ ሱቆች በዚያች ሳጥን ሲታደሉ ለገዛ ባለቤታቸው ከፍየል ተራው ጀርባ ያለችው ጠባብ ሱቅ ደረሰች። ይደገም ያለ ዘመድ አልጠፋም፤ እሳቸው ግን እምቢ አሉ። አቶ ተሰማ እያጉረመረሙ ገቡባት፤ ከተማውም ያን ቀን ሳጥኗን አመነ። እኔማ በገባሁበት ዕጣ ሁሉ ባዶ እጄን ስመለስ ሳጥኗ ዘመድ አታውቅም እያልኩ ስነዘንዛቸው እንዴት ይስቁ ነበር! ያ ሳቅ ናፈቀኝ።

በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ አርፈዋል። ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን፣ እኔንና ያስተማሯቸውን ሁሉ ትተው ሄደዋል።

ይህን ማን ያንብብ ሲባል ልጆቻቸውም እኔም አንችልም ብለን ስለተገፋፋን ሳጥኗን አምጥተን ዕጣ ተጣጣልን። ለእኔ ወጣ። በዕድሜዬ የደረሰኝ የመጀመሪያው ዕጣ ይህ ሆነ፤ ለሌላ ሰው ቢደርስ ምንኛ በወደድኩ! ግን አምኜ ተቀበልኩ።

አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃኑ ሥፍራ ያሳርፍልን፤ እህቴም አባታችንን ሲያገኟቸው ያንን የሆዳቸውን ጥርጣሬ ያውጡላቸው።