መጨረሻ ላይ ዋሻ ገቡ

ሁሴኖ፣ ደህና ዋልክ? ኧረ አትነሳ፣ ሥራህን ቀጥል። እኔ የሚያስቸኩለኝ የለም፤ እዚች አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ተራዬን እጠብቃለሁ። ዛሬ ደግሞ ይሄ ከጭላሎ የሚወርደው ንፋስ ጆሮ ሊቆርጥ ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው? እናትህ ከወራቤ ተመለሱ? አልሐምዱሊላህ። እኔማ ያው እንደምታየኝ ነኝ። በፊት እዚህ የምመጣው ፀጉሬን ላሳጥር ነበር፣ አሁን የቀረውን ላስቆጥር ነው።

ደንበኛህ ተኝተዋል መሰለኝ። ይተኙ። ሙቅ ፎጣ ያስተኛል። ፊታቸውን ስለሸፈንካቸው ማን እንደሆኑ እንኳን አላየሁም… ጫማቸው ግን ደስ ይላል። እንደዚህ ያለ ጫማ አሰላ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር። ለካ ሁለት ሆነዋል። ከተማችን እያደገች ነው።

ምን ልነግርህ ነበር? አዎ፣ የኦቦ ጉደታን አጥር አይተኸዋል አይደል? ወደ ሳጉሬ መውጫ፣ አዲሱ ትምህርት ቤት። ጉደታ እንግዲህ ስንዴ ነጋዴ ነው፤ ትምህርት ቤቱን ሲከፍት “ልጆቹ ገና ከበሩ ሳይገቡ መማር ይጀምሩ፤ የዓለም ሥነ ጥበብ ታሪክ ከጥንት እስከ ዛሬ በተራ አጥሩ ላይ ይሳልልኝ” አለ። ስድሳ ሜትር አጥር ነው። ማን ይሳለው? እዚህ ሰፈር ብሩሽ የያዘ ሰው ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ። እኔ ደግሞ ምን አውቃለሁ? ታፔላ። “ጎሚስታ”፣ “ትኩስ ሥጋ አለ”፣ “እዚህ ጋ መሽናት ክልክል ነው”። የአንተንስ ታፔላ የሠራሁት እኔ አይደለሁም? ላዩ ላይ የሳልኩት ሰውዬ ከፀጉር ቤት የሚወጣ ሳይሆን ከፀጉር ቤት የሸሸ ይመስላል ብለህ አንድ ሳምንት ስቀህብኛል። እውነትህን ነው።

ከስምንተኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው የዓለም ታሪክ ይከብዳል። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ተፈለገ። ተገኙም። ስማቸውን አልጠራም፤ አጥሩ ይጠራዋል።

ምን ዓይነት ሰው መሰሉህ… አዲስ አበባ ሄደው በዚሁ በሥነ ጥበብ ታሪክ ሦስት ወር ሠልጥነዋል። ሦስት ወር ቀላል ነው እንዴ? ስንዴ እንኳን በሦስት ወር አይደርስም። እሳቸው ደርሰው ተመለሱ።

ሥራውን ተካፈልን። እሳቸው ሐሳቡን ያዙ፣ እኔ ቀለሙን። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ እቀባለሁ፣ እሳቸው ጥላ ሥር ወንበር ላይ ሆነው ያስባሉ። ማሰብ እረፍት እንዳይመስልህ። አንዳንድ ቀን ከማሰባቸው ብዛት ያንኮራፉ ነበር።

የራሴን ጥፋት አስቀድሜ ልንገርህ፣ ሌላ ሰው አሳምሮ ሳይነግርህ። የጃፓን አገር ማዕበል ሳል ተባልኩ። ባሕር የት አውቃለሁ እኔ? መስከረም ላይ የሳጉሬ ስንዴ በንፋስ ሲተኛና ሲነሳ አይተሃል? እሱን ሰማያዊ ቀባሁት። አንድ የዲክሲስ ገበሬ ቆሞ ሲያየው ቆየና “ወንድሜ፣ ይሄ ስንዴ ዋግ መቶታል፣ ቶሎ መድኃኒት ይረጭ” ብሎኝ ሄደ። ፈረስ ደግሞ የማውቀው አንድ ነው፣ የጋሪ ፈረስ። የቻይናውም፣ የፋርሱም፣ የሮማውም ፈረስ ያው እሱ ነው። ምስኪን፣ ዓለሙን ሁሉ ብቻውን ዞረ። ልብ ብለህ ካየኸው ከአገር አገር ሲሄድ እየከሳ ነው።

የግሪኩ ሐውልት ራቁቱን ነው። ትምህርት ቤት ነው ብዬ ቁምጣ አለበስኩት። ልጆቹ አሁን “ተከላካይ ነው፣ መለያ ቁጥር ስጠው” ይሉኛል። የግብጿን ንግሥት ባለቤቴ መጥታ አየቻትና “ይቺን የት ነው የምታውቃት?” አለችኝ። “ከሞተች ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ሆኗታል” ብላት “ታዲያ ለምን እንደዚህ ታይሃለች?” ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ዓይን ስሠራ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትልልቅ አድርጌ ነው የምሠራው፤ ሌላ አልችልም። ቻይናዎቹን ሳይቀር አስፈጥጫቸዋለሁ።

ይሄ ሁሉ የኔ ነው፣ አልክድም። እሳቸው የሠሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ተራውን። የቱ ከየቱ ይቀድማል የሚለውን። ተራ ሥራ እንዳይመስልህ ታዲያ።

ዝርዝሩን በኮምፒውተር አስጽፈው፣ ፈርመውበት፣ በላስቲክ አስለብጠው አመጡልኝ። ከትንሹ ቁጥር ወደ ትልቁ፣ አቤት ሲያምር። ሦስት መቶ ሃምሳ፣ የአክሱም ሐውልት። አራት መቶ ሃምሳ፣ የኔ ተከላካይ። ሺህ ሁለት መቶ፣ ላሊበላ። ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ፣ የግብጿ ንግሥት፣ ባለቤቴን ያናደደችው። ሺህ አምስት መቶ፣ ጣልያኖቹ። ሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ፣ ዋግ የመታው ማዕበል። ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ፣ ያ ቀለም ተደፍቶበት የሚመስለው ዘመናዊ ሥዕል። ከሱ ቀጥሎ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ፣ የጥንት የኢራቅ በሬ። መጨረሻ ላይ አሥራ ሰባት ሺህ… ዋሻ ውስጥ የተገኘው፣ የድንጋይ ዘመን ሰው የሳለው አጋዘን።

እኔ ደንቆሮው ጠየቅኩ። “ጋሼ፣ እኛ ገና ሁለት ሺህ አሥራ ምናምን ላይ ነን። አሥራ ሰባት ሺህ መቼ ደረሰ?” አልኳቸው።

“አንዳንዱ እኮ ከክርስቶስ በፊት ነው” አሉኝ።

“እንደሱ ከሆነማ ከሮቤ ስንመጣ መንገድ ዳር እንዳለው የኪሎ ሜትር ድንጋይ አይደለም ወይ? አሰላ በቀረብን ቁጥር ያንሳል። ትልቁ ቁጥር ሩቁ ነው። ዋሻው መጀመሪያ መምጣት የለበትም ጋሼ?”

መነጽራቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። በመሐረብ ጠረጉት። መልሰው አደረጉት። “አንተ ብሩሽህን ያዝ” አሉኝ።

ያዝኩ። ቦታውን የሚነግረው ሰው ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው፣ ሁሴኖ። እኔ እስከ አርባ ስምንት ዓመቴ ድረስ ሳላገኝ ኖሬ እሳቸው ናቸው በአንድ ቃል የነገሩኝ። “ከክርስቶስ በፊት” የሚለውንስ አጠገቡ ልጻፍ ወይ ስላቸው “ጽሑፍ ይበዛል፣ ልጆቹ ይሰለቻሉ” አሉ። ለልጆች ማሰባቸው… እንግዲህ ጌታችንንም ጽሑፍ ይበዛል ብለው ነው የተዉት።

በምረቃው ቀን ሰው ሞላ። ንግግር አደረጉ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። እኔ ከኋላ ቆሜ ጉንፋን ይዞኝ ነበርና ሳልኩ። “ማነው የሳለው?” ብለው ሰዎች ዞሩ። “እኔ ነኝ የሳልኩት” አልኩ። “ሽሮፕ ግዛ” አሉኝ። በዚያ ቀን ስለ ድርሻዬ የተባለው ይቺው ናት። አጥሩ ጫፍ ላይ “ሐሳብና ዝግጅት” ተብሎ ሥሩ ስማቸው ከነማዕረጋቸው፣ ፊደሉ ክንድ ክንድ የሚያህል። የጻፍኩትም እኔ ነኝ። የኔን ስም ጥግ ላይ ላድርግ ወይ ብላቸው “ይጨናነቃል” አሉ። ስድሳ ሜትር ግድግዳ… ሮማ ገብታ፣ ቻይና ገብታ፣ ለአራት ፊደል ጠበበ።

ሁለት ወር በሰላም ኖርን። ከዚያ እታገኘሁ ተናገረች። አጥሩ ሥር ድንች የምትሸጠዋ። ሙሉ ቀን እዚያው ስለምትውል ከኛ ሁሉ በላይ እሷ ተምራዋለች። አንድ ቀን ሳልፍ ጠራችኝና “እኔ የምልህ፣ እነዚህ ሰዎች ይሄን ሁሉ ሕንጻ ሠርተው፣ ይሄን ሁሉ ሐውልት ጠርበው፣ መጨረሻ ላይ ዋሻ የገቡት ምን አግኝቷቸው ነው?” አለችኝ። ያንን ቀለም የተደፋበትን ዞር ብላ አየችና “መቼም ይሄን ካዩ በኋላ ዋሻ ቢገቡ አይፈረድባቸውም” አለች።

ጥያቄዋን ለእሳቸው አደረስኩላቸው። አልደነገጡም። የተማረ ሰው የት ይደነግጣል? “የሰው ልጅ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ረቂቅ ሐሳብ ነው፣ አይገባችሁም” አሉ። እውነትም አልገባንም። ሰሞኑን ግን የጉደታ እንግዶች ከአዲስ አበባ መጡ፣ አጥሩን አዩ፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ በስልካቸው አነሱት። ይኸው አሁን ከተማው ሁሉ በየስልኩ እያየ ይስቃል። ጉደታ እሳቸውን ጠርቶ “ይሄ ምንድነው?” ሲላቸው… ረቂቁ ሐሳብ ወዴት እንደሄደ እንጃ። “ቀቢው አቀላቅሎብኝ ነው” አሉ። “ቀቢው ከሆነ ታዲያ ስሙ የታለ?” አላቸው ጉደታ።

ትናንት ከሰዓት እቤቴ መጡ። እሳቸው፣ እኔ ቤት። ስኳር ይዘው። ባለቤቴ ሰው የሞተ መስሏት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ልትለብስ ነበር። ቁጭ አሉና “ይርሳው፣ ሕሊናዬ እምቢ አለኝ። ፀሐይ የመታህ አንተ፣ መሰላል ላይ የዋልክ አንተ። ነገ በጠዋት የኔን ስም ፍቀህ የራስህን ጻፍ። ይገባሃል” አሉኝ።

እንደዚህ ያለ ደግነት አይተህ ታውቃለህ? ሁለት ወር ሙሉ የተጨናነቀው ቦታ ባንዴ ሰፋ። እኔ ግን ደግነት የማይገባኝ ሰው ነኝ መሰለኝ፣ ሌላ ሌላውን አሰብኩ። እኔ የምኖረው በታፔላ ነው። እዚያ አጥር ላይ ስሜን ካየ ነገ መድኃኒት ቤቱን የሚያስጽፈኝ ማነው? “ኋላና ፊቱን የማያውቅ” ይለኛል። ልጄም የምትማረው እዚያው ነው፤ በየጠዋቱ አጥሩን ታክካ ነው የምታልፈው፣ ጓደኞቿ እየሳቁ። ስሜ ራሱ ደግሞ አያመችም። እናቴ ከኔ በፊት የሞተባትን ልጅ እንዳስረሳት ብላ ነው ይርሳው ያለችኝ። “ሥዕሉን፦ ይርሳው” ብዬ ብጽፍ የሚያነበው ሰው ትእዛዝ ይመስለዋል።

ደንበኛህ ተንቀሳቀሱ… ፎጣው ቀዝቅዞባቸው ይሆናል። ሌላ ሙቅ ጨምርላቸው። እንዲያው ተኙ፣ ተኙ ጌታዬ፣ የኛ ወሬ ነው።

ዛሬ በጠዋት መሰላሌን ይዤ ሄድኩ። ልፍቀው ብዬ እጄን አነሳሁ፣ እምቢ አለኝ። የሰው ልፋት እንዴት ይፋቃል? ቀለሙ የኔ ነው፣ ተራው ግን ከሦስት መቶ ሃምሳ እስከ አሥራ ሰባት ሺህ የእሳቸው ነው፤ አንድም ቁጥር አልነካሁበትም። እንዲያውም ስማቸውን ዝናቡ ትንሽ አደብዝዞት አገኘሁት፣ አሳዘነኝ። በዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ጥላ አወጣሁለት። ከላይ ቫርኒሽ። “ሐሳብና ዝግጅት” የሚለው ሥራቸውን በደንብ አይገልጸውም ብዬ “ተራውን ያወጡት” የሚል ጨመርኩበት። ገንዘብ አልጠይቅም፣ ስጦታዬ ነው።

ኦቦ ጉደታ መጥቶ አገኘኝ። ያቺን በላስቲክ የተለበጠች ወረቀት፣ ፊርማቸው ያለባትን፣ “ይቺ ቅርስ ናት፣ ቢሮህ ስቀላት” ብዬ ሰጠሁት። አንዴ ወረቀቱን አየ፣ አንዴ አጥሩን አየ። ሳቀ ልልህ ነበር… ጉደታ ሲስቅ አውቀዋለሁ፣ ይሄ ሳቅ አልነበረም። የጎኑን አጥር በትክክለኛው ተራ እንደገና ልሥራው ወይ ብዬው ሰኞ ጀምር ብሎኛል። ያንን ጥላ ሥር ያለውን ወንበር ግን አንሳው አለ።

ሁሴኖ፣ አትሳቅ እንጂ፣ ምላጭ ይዘሃል። የተከበረ አንገት ነው።

በል እኔ ልሂድ፣ ነገ እመለሳለሁ፤ የኔ ፀጉር የትም አያመልጥ። ብቻ ለእኚያ ደግ ሰው አንዴ ልመርቅላቸውና። አንተ አሚን በል፣ ደንበኛህም እዚያው ፎጣቸው ውስጥ ሆነው አሜን ይበሉ። ዕድሜያቸውን ያርዝመው፤ ጤናቸውን ይጠብቀው። በዚያ መንገድ ጠዋትና ማታ የሚያልፉበትን ጉልበት አይንሳቸው። ያንን ቫርኒሽ ዝናብ አይላጠው፣ ፀሐይ አያሳሳው። የልጅ ልጆቻቸውን ለዓይናቸው ያሳያቸው፤ እዚያው ትምህርት ቤት ይግቡላቸው። ፊደል በለዩ ቀን መጀመሪያ የሚያነቡት ስም የአያታቸው ይሁን። ከዚያ እየሮጡ መጥተው፣ ጉልበታቸው ላይ ወጥተው፣ ሰው በተሰበሰበበት “አባባ፣ ያንን ሁሉ በተራ ያሰለፍከው አንተ ነህ?” ብለው ይጠይቋቸው።