የተነካ ዕቃ አንቀበልም

ፕሪንተሬን ላነሳ ወደ ጋሽ ብሎን የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ስሄድ፣ ጥልፍ ጠላፊዋ ጎረቤቴን ኮምፒውተሯን እንደ ሕፃን ታቅፋ በሩ ላይ አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል። የጥልፍ ማሽኗን የሚያዘው ይኸው ኮምፒውተር ነው፤ ቅዳሜ የምታስረክበው የሙሽራ ቀሚስ ደግሞ እጅጌው ገና አልተጠለፈም። ካላደረሰች በሙያዋ ያፈራችው ስም ገደል ገባ ማለት ነው።

ጋሽ ብሎን ይህ ቅጽል የወጣላቸው፣ ሲሠሩ ብሎን በከንፈራቸው ነክሰው ስለሚውሉ ነው። በብሎኑ ጎን አሾልከው፣ "ማዶ ነክቶታል፤ አልቀበልም" አሏት።

"ማዶ" የሚሉት ከመንገዱ ባሻገር ያለውን ጠጋኝ ነው። ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ የራሱን ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ግን ስሙን አይጠሩም። ግድግዳቸው ላይ "በሌላ ሱቅ የተነካ ዕቃ አንቀበልም" የሚል ማስታወቂያ ሰቅለዋል። የእልኸኛ ተማሪ እልኸኛ ነውና፣ እሱም ያንኑ ሰቅሏል።

"ጋሼ፣ ማስታወቂያው ሳይሰቀል በፊት ሁለታችሁም ጠግናችሁልኛል፤ እሱ ደግሞ እርስዎ ስለነኩት መለሰኝ። እኔ የት ልሂድ?" አለች ጠላፊዋ።

ዝሆኖች ሲጣሉ ሣሩ ይጎዳል የሚባለው እንዲህ ነው።

ምህንድስና የተማረችው የእህታቸው ልጅ ከጠረጴዛዋ ተነሣች። "አጎቴ፣ ማየት አይከለከልም" ብላ ክዳኑን ፈታች። "የተቃጠለው ኃይል ሰጪው፣ ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው እኛ ጋ የለም፤ እሱ ጋ ግን አይቻለሁ።"

"እኔ ቆሜ? የሱ ዕቃ ነገ ቢበላሽ የማን ስም ነው የሚጠፋው?"

"ተገቢ ጥያቄ ነው። እስቲ ይንገሩኝ፤ ይህን ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ የሠራው ማነው?"

"ዋናውን ቺፕ የሠራው ኩባንያ ነዋ! ስሙ ተጽፎ የለም እንዴ? ከሱ ሌላ አላምንም።"

"ጥግ ላይ ያለችውን ትንሿን ቺፕ ደግሞ ያንብቡልኝ፤ ኔትወርኩን የምታገናኘዋን።"

መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። ጠርገው ደግመው አነበቡ።

"ይሄማ የባላንጣው ኩባንያ ሥራ ነው! እነዚህ ሰዎች እኮ ዓይንና ናጫ ናቸው። ሰርቆ ይሆናል።"

"ሌባ የባለቤቱን ስም ሳይፍቅ ያስቀምጣል? ገዝቶ ነው እንጂ።"

"የራሱን መሥራት አቅቶት!"

"ቢፈልግ ይሠራ ይሆናል። ግን ድካሙን በሚበልጥበት ሥራ ላይ አዋለ፤ በቀረው ባላንጣው ይሻላል ብሎ ከሱ ወሰደ። ቢበላሽ ስሙ እንደሚጠፋም ያውቃል። ስለዚህ ፈትኖ አስገባው። እርስዎም ይፈትኑት፤ መፈተኛው እጅዎ ላይ ነው። መፎካከርና መጣላት ለየቅል ናቸው፣ አጎቴ።"

እኔ የቋንቋ መምህር ነኝ፤ ስለ ቺፕ የማውቀው ኢምንት ነው። ቢሆንም ጎንበስ ብዬ ሳያት ደስ አለችኝ። ገበያ ላይ የሚተናነቁ ሁለት ኩባንያዎች እዚያች ሰሌዳ ላይ ለዓመታት አብረው ሲያገለግሉ፣ እኛ አንዲት መንገድ መሻገር አቅቶናል።

ጋሽ ብሎን መነጽራቸውን አውልቀው በበሩ ወደ ማዶ አዩ። "ሄጄ እንቢ ቢለኝስ?" አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ጥሎኝ ሲሄድ እንኳ ደህና ይሁኑ አላለኝም።"

ነገሩ የዕቃ ጉዳይ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። አንጀቴን በሉት።

ብሎኑን ከአፋቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና መንገዱን ተሻገሩ። ያኛው ሲያያቸው ከወንበሩ ብድግ አለ። ምን እንደተባባሉ አልሰማንም። ሲመለሱ ግን ሁለት ሆነው ነው፤ እሱ ፓወር ሰፕላዩን በአንድ እጁ፣ አንድ የሞተ ማዘርቦርድ ደግሞ በብብቱ ይዟል።

"ጋሼ፣ ይህን የሚበይድ እጅ ከእርስዎ ሌላ የለም" አለ አቀርቅሮ። "መምጣት ፈርቼ ነው የቆየሁት።"

ፓወር ሰፕላዩን ፈትነው ገጠሙት። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ጠላፊዋ የማንን እጅ እንደምትስም ጠፋት። ሙሽራዋም ቅዳሜ እጅጌዋ አምሮ ወጣች።

ዛሬ ሁለቱም ማስታወቂያዎች ወርደዋል። ደንበኛ ከበር በር አይንከራተትም፤ አንዱ ያጣው ዕቃ ሌላው ጋ ይገኛል፤ አንዱ ያቃተውን ሌላው ይሠራዋል። ፉክክራቸውስ? እንዲያውም ብሷል፤ ማን ቀድሞ ይጠግናል እየተባባሉ ይፎክራሉ፤ የተጠቀምነው እኛ ነን።

ጋሽ ብሎን ሥራ ሲጠናባቸው አንገታቸውን በበሩ ብቅ አድርገው ይጣራሉ። "ማዶ" ማለት ቀርቷል።

"ልጄ! እስቲ ና፣ ይሄን እየው!"