የስመኝ ቃሬዛ

(ከሰዓት በኋላ፣ ሕሙማንን ተሸክሞ መኪና መንገድ የሚያደርሰው የቀበሌው ቃሬዛ ማኅበር ሰብሳቢ የአያ ቢሻው ደጅ፤ ስመኝ ከወለደች ወዲህ ደሟ አልቆም ብሏል፤ እናቷ ይመኙሻል ከአያ ቢሻው ፊት ቆማለች።)

ይመኙሻል፦ ሕጉን ለነገ አቆየውና ቃሬዛውን አውርድ አልኩህ፣ አያ ቢሻው። አምቡላንሱ ወንዙን መሻገር አቅቶት ማዶ ቆሟል። ነርሷ በእግሯ መጥታ አይታታለች፤ «ሆስፒታል ካልደረሰች እኔ አላድናትም» ብላለች።

ቢሻው፦ ሕጉን እኔ ብቻዬን አላወጣሁትም። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ለቀረ ሰው፣ ለቤተሰቡም ቃሬዛ አይወጣም። አማችሽ አትንኩት ስንቴ ቀረ?

ይመኙሻል፦ አትንኩት ቀረ። ስመኝ ምን አደረገች?

ቢሻው፦ ሚስቱ አይደለች?

ይመኙሻል፦ መጀመሪያ የእኔ ልጅ ናት።

ቢሻው፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። እሱ ግን የራሱን ሎሚ እኛ ላይ ሲጥል ኖረ። እናቴን በዚያ ጭቃ ስናወጣ «ወገቤን» ብሎ ተኛ፤ በማግስቱ ገበያ ላይ ወይፈን ሲጎትት አየሁት።

ይመኙሻል፦ እንዲያ በለኛ። ቂም ነው የያዝከው።

ቢሻው፦ ቢሆንስ አይገባኝም? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ዛሬ ዝም ብለን ብንሸከምለት፣ ነገ ሲጠራ ማን ይወጣል? ሰዎቹ ከገበያ ይመለሱና እንመክራለን።

ይመኙሻል፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያኔ የምትመክሩት ስለ ቀብሯ ነው።

ቢሻው፦ ክፉ አትናገሪ።

ይመኙሻል፦ ክፉውን ማን እየሠራው ነው? በል፣ ቃሬዛውን ብቻ ስጠኝ።

ቢሻው፦ ማን ሊሸከመው?

ይመኙሻል፦ እኔና ከአጥሩ ውጭ የቆሙት ሴቶች።

ቢሻው፦ በዚህ አገር ሴት ቃሬዛ ተሸክማ አታውቅም። ነውር ነው።

ይመኙሻል፦ እንስራና እንጨት ስናዝል ነውር አልሆነባችሁም። ገበያተኛው በዚያው መንገድ እየተመለሰ ነው። «ወንዶቹ የት ገቡ?» ላለን ሁሉ፣ ቢሻው ደጁ ተቀምጦ ሕግ ይጠብቃል እንላለን።

ቢሻው፦ ተይ፣ አታዋርጅኝ።

ይመኙሻል፦ ልጄ እየሞተችብኝ ላንተ ክብር ልጨነቅ? ዞር በል። እናንተ፣ ግቡና አንሱት።

ቢሻው፦ አማችሽ የት ነው ያለው?

ይመኙሻል፦ እፍረት ይዞት ጓዳ ተደብቋል።

ቢሻው፦ ጎትተሽ አውጪልኝ፤ የፊቱን ከአንዳችሁ ጋር እሱ ይያዝ። የኋላውን ለእኔ ተዉት፤ ዳገቱ ላይ የሚከብደው እሱ ነው።