ከአጥር ማዶ ያለው ሽማግሌ

አቶ ሕዝቅኤልን ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ባጃጅ ሲጠብቁ አገኘኋቸውና "እንደምን አደሩ?" አልኳቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኝተው፣ "መምህር፣ ምን ጉዳይ ገጠመዎት?" አሉኝ። ሰላምታዬ ነበር ጉዳዬ። የማዘጋጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ከተሾሙ ወዲህ ደህና አደሩ የሚላቸው ሁሉ ፊርማ ፈላጊ ይመስላቸዋል። አብሯቸው የቆመው ልጃቸው ሶፎንያስ አፍሮ አቀረቀረ።

ባጃጅ ቢጠፋ በእግር አዘገምን፤ ችግራቸውንም ልጁ አጫወተኝ። ለእሱ ሚስት ሊጠይቁ አባቱ የላኳቸው ሦስት ኃላፊዎች በመኪና ዱራሜ ሄደው ነበር። የልጅቷ አባት አቶ ዕንባቆም ስለ ቤተሰቡ ቢጠይቋቸው አንዱም የሶፎንያስን እናት ስም እንኳ አላወቀም። "ቤቱን የሚያውቅ ሰው ላኩ፤ ካልሆነ ይቅርብን" ብለው መለሷቸው።

"ንቀውኝ ነው" አሉ አቶ ሕዝቅኤል።

"አይደለም አባዬ። ጎረቤታችንን ጋሽ ጥላዬን እንላክ ብዬዎት ነበር።"

"ልብስ ሰፊ ልኬ መሳቂያ ልሁን? ደግሞስ በየጠዋቱ በአጥር ላይ ሰላም የሚለኝ ምን ፈልጎ ነው?"

"እናቴ ስትታመም ተሸክመው ሐኪም ቤት ያደረሷት እሳቸው ናቸው። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ።"

"ውለታውን አንድ ቀን ሊያስከፍለኝ ነዋ።"

ዝም ማለት አቃተኝ። "አቶ ሕዝቅኤል፣ ሁሉን የሚያምንም ሁሉን የሚጠረጥርም ወዳጁን አይለይም። የልጅዎ ትዳር በጥርጣሬ ከሚፈርስ ሰውየውን ራሱን ይጠይቁት" አልኳቸው። እያጉረመረሙ ተከተሉን።

ጥላዬ የስፌት መኪናው ላይ ነበር።

"ጥላዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከእኔ ምን ትፈልጋለህ?"

እግሩን ከመርገጫው አነሳ። "እርስዎ መሥሪያ ቤት የቤቴ ካርታ ጉዳይ ከተቀመጠ ሁለት ዓመቱ ነው።"

አቶ ሕዝቅኤል "አላልኳችሁም?" በሚል ዓይን አዩን። አልዋሽም፣ እኔም ጥላዬን ጠረጠርኩት።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርዎ ኖሮ ሰላምታዬን ያምኑት ነበር? ካርታው ቢዘገይ ቤቱ አለ። ጉርብትና ከተበላሸ ግን በምን ይጠገናል?"

አቶ ሕዝቅኤል ተቀመጡ። "ነገ አስጨርስልሃለሁ። አንተም ዱራሜ ሂድልኝ።"

"እሄዳለሁ። ካርታውን ግን አይንኩት፤ ተራዬን እጠብቃለሁ። በካርታ የተገዛ ሽማግሌ መባል አልፈልግም።"

በሳምንቱ ከጥላዬ ጋር ዱራሜ ሄድን። አቶ ዕንባቆም ስለ ልጁ ሲጠይቁ ጥላዬ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አጫወታቸው። "አባቱስ?" አሉ።

"አባቱ ቅን ሠራተኛ ናቸው፤ ሰው ግን አያምኑም። ልጅዎንም መጀመሪያ ይጠረጥሯታል። ትታገሳቸው።"

ነገሩ አበቃለት አልኩ በልቤ። አቶ ዕንባቆም ግን ሽማግሌዎቻቸውን አማክረው ተመለሱና፣ "እስከ ዛሬ የመጣው ሁሉ እንከን ስለሌለው ቤት ነው የሚነግረኝ። እውነት የሚናገር ጎረቤት ያለው ቤት ልጄን አይበድላትም" ብለው ፈቀዱ።

አንባቢ ሆይ፣ በሹመት የመጣ ወዳጅ ከሹመት ጋር ይሄዳል። የጎረቤቱን ደጅ የሚረግጥ ግን ሲታመም ተሸካሚ፣ ሲሳሳት መካሪ፣ ልጁን ሲድር ምስክር አያጣም።

ጥላዬ የተናገረውን ለአቶ ሕዝቅኤል አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"የሚያመሰግነኝ ሰው ሞልቶኛል፣ መምህር" አሉኝ። "ነውሬን ተናግሮ ልጄን የዳረልኝ ግን እሱ ብቻ ነው።"