ስምንት ከስንት?

ማዳም ሶላንዥ ቪኛል በኢሷር ከተማ አርባ አንድ ዓመት ልጆች አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ጡረታ ወጡ ማለት ግን እርማት ተዉ ማለት አይደለም። ዳቦ ጋጋሪው ለእርሳቸው «አሥራ አንድ» ነው፤ ሐኪማቸው «አሥራ ስድስት፣ ግን ከጎኑ የሚኮርጅ»፤ የከንቲባውን ውጤት ባናነሳው ይሻላል። በዚያ አገር የትምህርት ቤት ነጥብ የሚሰጠው ከሃያ ነው። አሥር ያገኘ ለጥቂት አለፈ ይባላል፤ ከዚያ በታች ያመጣ ደብተሩን ለወላጅ ሊያስፈርም እያለቀሰ ነው ቤቱ የሚገባው። ሰውን ሁሉ በዚህ ሚዛን ሲመዝኑ የኖሩ ሴት አንድ ማክሰኞ ጠዋት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሊገዙ ወደ ጎረቤቷ ከተማ ክሌርሞን ወጡ።

ማሽኑን የፈለጉት ቤት እንዲያምርበት አይደለም። ባለቤታቸው ሙሴ ማርሴለን («ሙሴ» በዚያ አገር «አቶ» ማለት ነው) ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካለ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አንሶላቸው በቀን ሁለት ጊዜ ይቀየራል። ዐምና ማሽን ተበላሽቶ፣ ጠጋኙ እስኪመጣ፣ መጥቶም «ይሄ አይሆንም» እስኪል፣ አዲስ እስኪገዛ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ያን ዘጠኝ ቀን ሙሴ ማርሴለን ያደሩት በአረጋውያን መኖሪያ ነበር። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሚስታቸውን በስም ለመጥራት አንድ ወር ወሰደባቸው። ያኔ የተገዛው ማሽን ደግሞ ይኸው ትናንት ጮሆ ጮሆ ቆመ።

ልጃቸው ቪዮሌት ከሊዮን ደወለች። «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ አንሶላ በእጅሽ ልታጥቢ ነው? ሐሙስ በአረጋውያኑ መኖሪያ አልጋ ይለቀቃል ብለውኛል። አባዬ ይሂድ፣ በዚያው ይቆይ።»

«ዛሬ ከሰዓት ማሽኑ ቤቴ ይገባል» አሉ ማዳም ቪኛል።

«እሺ። ይህኛው ቢቆም ግን ክርክር የለም፤ አልጋውን እይዛለሁ።»

በሱቁ ውስጥ የዚያኑ ቀን ቤት ድረስ የሚደርሱ ማሽኖች ሁለት ብቻ ነበሩ። ባንዱ ላይ «8.1» የሚል አረንጓዴ ወረቀት ተለጥፏል። በሌላው ላይ ወርቃማ ካርቶን ተሰቅሎ፣ መሐሉ ላይ የሕፃን ጭንቅላት በሚያህል ቁጥር «14» ተጽፎበታል። ማዳም ቪኛል አረንጓዴውን አዩና ከንፈራቸውን ነከሱ።

«ስምንት! ወድቆ፣ መውደቁን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይሸጣል! ጊዜው ምን ያህል ቢበላሽ ነው?» አሉ ለራሳቸው፤ ወደ ወርቃማው ዞረው፣ «አሥራ አራት። ይሄ ያጠና ነው» ብለው ሻጩን ሊጠሩ እጃቸውን አነሡ።

«ኧረ ማዳም ቪኛል! አሥራ አራቱ እኮ ውጤት አይደለም!» አለ ከኋላቸው የሴት ድምፅ።

ዞር ሲሉ አንዲት ረጅም ወጣት ሴት የውሃ ማፍሊያ ታቅፋ ትስቃለች።

«ማነሽ አንቺ?»

«ማኤል ትሩሼ ነኝ። በመስኮቱ በኩል ሁለተኛዋ ወንበር ላይ የነበርኩት።»

«አወቅሁሽ። ቃል ጽሕፈት ሰባት ተኩል። ጽሑፍሽ ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር።»

«አሁንም ያው ነው። ደግነቱ የምኖረው በካቻቢቴ እንጂ በብዕር አይደለም። እዚህ ክሌርሞን፣ ሸማቾች ባቋቋሙት ማኅበር ውስጥ ዕቃ እየፈታሁ ምን ያህል እንደሚጠገን እመረምራለሁ።» ማኤል ጎንበስ አለችና ከ«8.1» በታች ትንሿን ጽሕፈት በጣቷ ነካች። «መነጽርዎን ያድርጉ እስቲ።»

ማዳም ቪኛል መነጽራቸውን አደረጉ። «ከ10» ይላል። ፊታቸው ቀላ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ «ጥያቄውን ሳታነቡ አትመልሱ» ሲሉ የኖሩ ሴት በጥያቄው መውደቃቸው ነው። ነገር ግን መምህር ቶሎ እጅ አይሰጥም።

«አገሩ በሙሉ በሃያ ተምሮ ከአሥር የሚሰጥ ማን ነው?» አሉ። «በእኛ ሒሳብ አሥራ ስድስት ነጥብ ሁለት ማለት ነዋ።»

«አዎ፤ ዕቃው ሲበላሽ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠገን የሚሰጥ ነጥብ ነው። አሥራ አራት ያሉት ደግሞ አሥራ አራት ዓይነት አጠባጠብ አለው ለማለት ነው። የዚህኛው እውነተኛ ውጤት ይኸውልዎት» ብላ ወርቃማውን ካርቶን ብድግ ብታደርገው ከሥሩ «4.3» የሚል ወረቀት ተሸሽጓል።

ማዳም ቪኛል ካርቶኑን እንደ ኩረጃ ወረቀት አፍጥጠው አዩት። ይህን ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን አመስግኖ ይገዛ ነበር፤ እርሳቸው ግን ነገር ከሥሩ ካልተያዘ አይዋጥላቸውም።

«ቆይ ቆይ። ይህን ነጥብ የሚሰጠው ማን ነው?»

«ሕጉ ጥያቄዎቹን አውጥቷል፤ መልሱን ሞልቶ የሚደምረው አምራቹ ነው።»

«ተማሪው የራሱን ፈተና ያርማል? አንቺ ልጅ፣ ታሾፊብኛለሽ?»

«እርስዎስ? ቃል ጽሕፈት ሲያጽፉን ‹መልሱ ሰሌዳው ላይ አለ፣ ራሳችሁን አርሙ› ይሉን አልነበር? ከዚያ ቀይ ብዕር ይዘው በየወንበሩ ይዞሩ ነበር። ያጭበረበረ ወዮለት! መንግሥት የሚልካቸው ተቆጣጣሪዎችና እኛ ቀይ ብዕሩ ነን። ሁሉን እናያለን ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

«ጥያቄዎቹስ ምን ይላሉ?»

«መመሪያው ለማንም ሰው ይሰጣል ወይ? በተራ ካቻቢቴ ይፈታል ወይስ ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል? መለዋወጫው ስንት ዓመት ይገኛል? በስንት ቀን ይደርሳል? ዋጋውስ? ፓምፑ የማሽኑን ግማሽ ዋጋ ካወጣ ማን ይጠግናል? ትናንት የቆመብዎት ምን ሆኖ ነው?»

«ጠጋኙ በርሜሉን የሚያዞረው ኩሽኔታ ነው አለ። በርሜሉ ውስጥ ስለተበየደ አይከፈትም፣ ይጣል አለ።»

«አዩ? የሞተው አንድ ኩሽኔታ ነው፤ የተቀበረው ግን መላው ማሽን!»

ማዳም ቪኛል ግን አልተሸነፉም። የቀድሞ ሰው ሁሉ በመጨረሻ የሚመዛትን ሰይፍ መዘዙ። «ይህ ሁሉ የሰነፍ ምክንያት ነው። ደህና ዕቃ አይበላሽም፤ የእናቴ ማሽን ሠላሳ ዓመት አጥቧል!»

«አንድም ቀን ሳይበላሽ?»

«አንድም...» ብለው ጀመሩና አቆሙ። ሐሰት መናገር አይችሉበትም። «ሦስት ጊዜ ተበላሽቷል። አባቴ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ይዘረግፈው ነበር። እናቴ ‹ብሎን ረገጥኩ› እያለች ትሳደባለች። ማታ ግን ይሠራል።»

«እንግዲያው ሠላሳ ዓመት የኖረው ስላልተበላሸ አይደለም፤ ስለተከፈተ ነው» አለች ማኤል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም፣ «ደህና ነዎት ግን? ማሽን ሊገዙ ብቻ የመጡ አይመስሉም» አለቻቸው።

ማዳም ቪኛል ለማንም ያልነገሩትን በዚያ በማሽኖች መካከል ነገሯት፤ ስለ አንሶላው፣ ስለ ዘጠኙ ቀን፣ ስለ ሐሙሱ አልጋ። «የምፈራው መበላሸቱን ነው፣ ልጄ። ከተበላሸ ማርሴለንን ይወስዱብኛል።»

«ማዳም፣ ማሽን ሁሉ አንድ ቀን ይበላሻል። አረንጓዴው ወረቀትም አይበላሽም ብሎ አይምልም። እርስዎ መጠየቅ ያለብዎት፣ በተበላሸ ጊዜ ሙሴ ማርሴለን ስንት ቀን ይጠብቃሉ የሚለውን ነው። በወርቃማው ዘጠኝ፣ በአረንጓዴው ምናልባት ሁለት።»

ይህ ምክር ማንንም ይጠቅማልና ቆም ብሎ ማሰብ ደግ ነው። ስንገዛ ሁላችንም ዕቃውን የምናየው በሠርጉ ቀን ነው፤ በታመመ ጊዜ ማን እንደሚያስታምመው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ማዳም ቪኛል ግን ያን ቀን ጠየቁ፣ አረንጓዴውንም ገዙ። ሲወጡ ሻጩን ጠርተው ካርቶኑን እንዲያወርድ አዘዙት፤ እርሱም የእርሳቸው ተማሪ ባይሆንም አወረደ።

ዓመት ከሦስት ወር በኋላ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ አዲሱ ማሽን ውሃውን አልለቅም ብሎ ቆመ። ማዳም ቪኛል ወለሉ ላይ ተቀምጠው ትንሽ አለቀሱ። ከዚያ ተነሥተው ለማኤል ደወሉ። ማኤል ለሠርግ ሩቅ ክፍለ አገር፣ ብሬታኝ ሄዳለች፤ ስልኩን ግን አነሣች።

«መመሪያው ገጽ ሃያ ሁለት፣ ማዳም። ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።»

አነበቡ። ሶኬቱን ነቀሉ፣ ውሃውን በባልዲ ቀዱ፣ ከፊት ያሉትን ሦስት ብሎኖች ፈቱ፤ የፓምፑ ውሃ መግፊያ ክንፍ ተሰብሮ በእጃቸው መጣ። መለዋወጫው ታዝዞ ከክሌርሞን ረቡዕ ጠዋት በፖስታ ደረሰ። እስከዚያ በቁም ሣጥን የነበሩት አንሶላዎች በቂ ሆኑ፤ አንዱን ብቻ ጎረቤት አጠበችላቸው። ረቡዕ ከምሳ በኋላ አዲሱን ፓምፕ ገጥመው፣ ብሎኖቹን አጥብቀው፣ ቁልፉን ተጫኑ። ውሃው ጉርር ብሎ ወረደ። ማዳም ቪኛል በሰባ ስድስት ዓመታቸው ወጥ ቤት ውስጥ ብቻቸውን አጨበጨቡ።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ማሽን ሊገዛ የሚሄድ ሰው እርሳቸውን ሳያስከትል አይሄድም። መመሪያውና መለዋወጫው አለ ወይ ብለው ሻጩን ሲያፋጥጡት ላብ ያጠምቀዋል። በዚህም የተነሣ ሁለት ጎረቤቶቻቸው ተበላሸ ብለው የጣሉት ዕቃ የለም፤ አንደኛው የኤሌክትሪክ አቧራ መጥረጊያውን ራሱ ጠግኖ ለሳምንት ያህል ሲያወራው ከርሟል።

ያን ረቡዕ አመሻሽ ላይ ቪዮሌት ደውላ ነበር።

«እማዬ፣ ጎረቤትሽ ማሽኑ ቆሟል አለችኝ። የመኖሪያውን ሰዎች እስከ ነገ ጠብቁኝ ብያቸዋለሁ። ምን ልበላቸው?»

«አልጋውን ለሌላ ስጡ በያቸው።»

«ማን ጠገነው?»

«እኔ።»

ይህን ጊዜ ከመኝታ ቤት በኩል የሙሴ ማርሴለን ድምፅ በስልኩ አልፎ ሊዮን ድረስ ተሰማ፤ «ሶላንዥ! አንሶላው ደርቋል?»

«መጣሁ» አሉ ማዳም ቪኛል፤ ለልጃቸውም ደኅና እደሪ ሳይሉ ስልኩን ዘጉት።